ከፍሊንት እስከ ፈረንጅ አራዳ፦ እርሳስ ወደ ቧንቧ ውሃ የሚገባው የት ላይ ነው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ፣ በጣም የቆየ ቤት ተከራይቼ ነው። የ5 ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ጡቴ ስለማይበቃት የዱቄት ወተት በቧንቧ ውሃ እበጠብጥላታለሁ፤ ውሃውን ሁልጊዜ አፈላዋለሁ። ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ ፍሊንት በሚባል ከተማ ሕዝቡ በቧንቧ ውሃ የተነሳ በእርሳስ እንደተመረዘ አየሁ። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው። ያ ነገር እኛም ቤት ሊኖር ይችላል? ማፍላቱስ ይበቃል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከጥያቄሽ የመጨረሻዋን ላስቀድም። ዛሬ ማታ ጡጦ ስታዘጋጂ የምታስፈልግሽ እሷ ናት። ማፍላት እርሳስን አያስወግድም። ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ ግን ብረት ነው፤ አይሞትም፣ በእንፋሎትም አይወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ እርሳሱ በተረፈው ውስጥ ይከማቻል። ይህን ስልሽ ማፍላቱን ተዪው ማለቴ አይደለም፣ በፍጹም! ለ5 ወር ሕፃን ቅርቡና ትልቁ አደጋ ተቅማጥ ነው። ውሃው አንዴ በደንብ ይንተክተክ፣ ከዚያ አውርጂው። ሩብ ሰዓት እሳት ላይ ማቆየቱ ምንም አይጨምርልሽም።

ክሎሪንም እንደዚያው ነው። ውሃ አጋር ጠብ ማድረግ ለጀርም ጥሩ ነው፣ እርሳስን ግን አይነካውም። በነጠላ ማጥለልም አይረዳም፤ የሟሟ ነገር በጨርቅ አይያዝም።

ቡናማው ውሃስ? እሱ በአብዛኛው የብረት ዝገት ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ባዶ የነበረው መስመር በአንዴ ይሞላል። ግፊቱ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የተጋገረውን ዝገት ፍቆ ይዞት ይመጣል። እርሳስ ደግሞ ቀለም የለውም። ሽታም ጣዕምም የለውም። ስለዚህ ጥርት ያለ ውሃ ከእርሳስ ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ ቡናማ ውሃም እርሳስ አለበት ማለት አይደለም። አንድ ነገር ግን አለ። የዝገት ቅንጣት እርሳስ ይይዛል። በዓመታት ውስጥ ትንሽ ትንሽ እርሳስ ዝገቱ ላይ እየተለጠፈ ይቆይና፣ ዝገቱ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ቡናማውን ለልጅሽ አትጠቀሚበት። ለወለልና ለመጸዳጃ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። «እኛም ቤት ሊኖር ይችላል?» ላልሽው «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ ብዘጋው አይጠቅምሽም። ብዙ ሰው የፍሊንትን ነገር «ወንዙ ተበክሎ ነበር» ብሎ ነው የሚያወራው። ልክ አይደለም። እርሳሱ ወንዙ ውስጥ አልነበረም። ሰው ቤት በር ድረስ የተዘረጋው ቧንቧ ውስጥ ነበር፣ ያውም ለብዙ አሥርት ዓመታት፣ ማንንም ሳይረብሽ። የተለወጠው ውሃው ነው። ይህ ከገባሽ የራስሽን ቤት ራስሽ መመርመር ትችያለሽ። ለዚህ ነው ታሪኩን ትንሽ ላወራሽ የፈለግኩት። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እርሳስን ለውሃ መጠቀም የጥንት ነገር ነው። ሮማውያን ከተማቸው ውስጥ የዘረጉት ቧንቧ እርሳስ ነበር። የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ የኖረው መሐንዲሳቸው ቪትሩቪየስ የሸክላ ቧንቧ ይሻላል ብሎ ጽፏል። ማስረጃው ቀላል ነበር፤ እርሳስ የሚያቀልጡትን ሠራተኞች ፊት አየ፣ ገርጥተዋል። ሰሚ አላገኘም። ሮም የወደቀችው በእርሳስ ቧንቧ ነው የሚለውን ወሬ ግን አትመኚው። የወደቧን ደለል የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት የቧንቧው ውሃ ከአካባቢው ምንጭ 100 እጥፍ ያህል እርሳስ ነበረበት ብለዋል፤ ያም ሆኖ ሕዝብ የሚፈጅ መጠን አልነበረም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ከተሞች ውሃ በየቤቱ ሲያስገቡ ያው እርሳስ ተመረጠ። ለሠራተኛ የተመቸ ነው። ለስላሳ ነው፣ እንደፈለጉ ይታጠፋል፣ መሬት ሲሰምጥ አይሰበርም፣ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ቺካጎ ጭራሽ በከተማ ደንብ አስገድዳ ታስገባው ነበር። የቆመችው የፌዴራሉ ሕግ በ1986 ሲከለክል ነው። ዛሬም ከመሬቷ በታች ወደ 400,000 የሚጠጉ የእርሳስ መስመሮች አሏት። አንዴ የተቀበረ ነገር ማውጣት እንዲህ ከባድ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው ታሪክ ለእኔ የግላስጎው ነው፤ ፍሊንት ዝናውን ወሰደበት እንጂ። ይህች የስኮትላንድ ከተማ በ1859 ካትሪን ከሚባል የተራራ ሐይቅ ውሃ አመጣች። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ነበረች መርቃ የከፈተችው። ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ከተማዋን ከኮሌራ ገላገላት። ችግሩ ንጽሕናው ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ማዕድን የሌለው፣ ትንሽ አሲድነት ያለው የዝናብ ውሃ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ያገኘውን ብረት ይበላል። ቤቶቹ ደግሞ ቧንቧቸው እርሳስ ነበር፤ ጣሪያ ሥር የሚቀመጠው የውሃ ማጠራቀሚያም ውስጡ በእርሳስ የተለበጠ ነበር።

ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ተጠጣ። በ1970ዎቹ የከተማዋ ሐኪሞች የአእምሮ ዕድገት ዝግመት ያለባቸው ልጆች በሕፃንነታቸው የኖሩባቸውን ቤቶች ውሃ ለኩ። ከጤነኞቹ ልጆች ቤት ይልቅ እርሳሱ በዛ ብሎ ተገኘ። ይህ ብቻውን አሳማኝ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ብልሃት ፈለጉ። ልጆቹ ሲወለዱ ለሌላ ምርመራ ተብሎ ወረቀት ላይ ጠብ የተደረገ የደም ናሙና መዝገብ ቤት ተቀምጦ ነበር። ያንን የደረቀ ደም አወጡና መረመሩት። እዚያም እርሳሱ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከተማዋ በ1978 ውሃው ላይ ኖራ መጨመር ጀመረች፣ በ1989 ደግሞ ኦርቶፎስፌት የሚባል ጨው። ቧንቧው ገና መሬት ውስጥ እያለ በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ወረደ።

እንዴት? ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከጊዜ ብዛት የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ። ቧንቧ ውስጥም እንደዚያ ያለ ቅርፊት ይጋገራል። ውሃው የተመቸ ከሆነ ቅርፊቱ በእርሳሱና በውሃው መካከል ይቆማል። ፎስፌት ሲጨመር ቅርፊቱ በውሃ የማይሟሟ ዓይነት ይሆናል። ውሃው ከተቀየረ ደግሞ፣ ማለትም አሲድነቱ፣ ጨውነቱ ወይም የክሎሪኑ ዓይነት ከተለወጠ፣ ለ50 ዓመት የተጋገረው ቅርፊት በወራት ውስጥ ሊፈርስ ይችላል።

ዋሽንግተን ላይ የሆነው ይኸው ነው። የአሜሪካ ዋና ከተማ በ2000 መጨረሻ ላይ ክሎሪኑን ክሎራሚን በሚባል ሌላ ጀርም ገዳይ ቀየረች። ዓላማው ጥሩ ነበር፤ ክሎሪን ከቅጠላ ቅጠል ብስባሽ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥራቸውን ጎጂ ነገሮች ለመቀነስ። ግን የከተማዋ ቧንቧ ውስጥ የነበረው ቅርፊት በክሎሪን ኃይል የቆመ ዓይነት ነበር። ክሎሪኑ ሲሄድ ቅርፊቱ ሟሟ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ከገደብ በላይ ሆኑ። ሕዝቡ የሰማው ጉዳዩ በጥር 2004 በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ሲወጣ ነው። ከሁሉም የሚያናድደው፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ዓመት ጉዳቱን አቅልሎ የሚያሳይ ሪፖርት ማውጣቱ ነው። አሳሳች እንደነበር የታመነው በ2010 ነው። በ2000 የተወለደ ልጅ ያኔ አራተኛ ክፍል ደርሷል።

ፍሊንት ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ነው የመጣው። ለዚህ ነው «አደጋ» የሚለው ቃል የማይመቸኝ።

ከተማዋ ሚሺጋን ግዛት ውስጥ ናት። የጄኔራል ሞተርስ መኪና ፋብሪካ ያሳደጋት፣ ፋብሪካው ሲቀንስ የደኸየች ከተማ ናት። ግዛቱ የከተማውን ሥልጣን ወስዶ የራሱን አስተዳዳሪ ሾመባት። ውሃዋን ለዓመታት ከዲትሮይት እየገዛች ነበር፤ የሚመጣው ከሂውሮን ሐይቅ ነው፣ ፎስፌትም ይጨመርበት ነበር። በሁለት ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማትረፍ ሚያዝያ 25 ቀን 2014 ወደ ራሷ ወንዝ ዞረች። ባለሥልጣናቱ ብርጭቆ አጋጭተው ጠጡ። የወንዙ ውሃ ጨው የበዛበት ነበር። እሱም ይሁን፤ ማከም ይቻል ነበር። ፎስፌቱን ግን አልጨመሩም። ሕጉ ግድ እያላቸው አልጨመሩም።

ከዚያ ሕዝቡ ቡናማ ውሃ፣ ሽታ፣ የቆዳ ሽፍታ እያለ መጮህ ጀመረ። ቡናማው ዝገት ነበር፣ እንደ አንቺ ቤቱ። በጥቅምት 2014 ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ክፍሎቼን እየበላብኝ ነው ብሎ ለፋብሪካው ሌላ ውሃ አስቀጠለ። ለሞተር የማይሆን ውሃ ለሰው ሌላ አንድ ዓመት ተጠጣ።

ነገሩን ያወጣችው እናት ናት። ሊያን ዋልተርስ ትባላለች። በየካቲት 2015 ቤቷ ሲለካ 104 ማይክሮግራም በሊትር ወጣ፤ በሚቀጥለው ወር 397። የአሜሪካው ገደብ 15 ነበር። ከተማዋ በዚያ ዓመት 71 ናሙና ሰበሰበች። ሁለቱ ግን ከስሌቱ እንዲወጡ ተደረገ፤ አንዱ የእሷ ነበር። ሁለቱ ሲወጡ የከተማዋ ቁጥር ከገደቡ በታች ሆነና 11 ላይ ቆመ። በዚያ ላይ ነዋሪው ናሙና ከመቅዳቱ በፊት ውሃውን ለደቂቃዎች እንዲያፈስ ይነገረው ነበር። ይህ በቧንቧ ውስጥ የተጠራቀመውን እርሳስ ጠርጎ ያስወጣና ውጤቱን ያሳንሳል። ናሙናውን ያስቀዳው ሰው ውሸት አልጻፈም፤ የሚለካውን ውሃ ነው የመረጠው። በእኛም አገር ናሙና የሚወስድ ባለሙያ ሁሉ ይህን ታሪክ ቢያጠናው ደስ ይለኛል።

ከዚያ ማርክ ኤድዋርድስ የተባሉ፣ የዋሽንግተኑንም ጉዳይ የታገሉ ፕሮፌሰር ከተማሪዎቻቸው ጋር 300 የናሙና ዕቃ ለነዋሪው ልከው ሕዝቡ ራሱ እንዲለካ አደረጉ። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሃና-አቲሻ ደግሞ የልጆችን የደም ውጤት ከሆስፒታል መዝገብ አውጥታ መስከረም 24 ቀን 2015 ለጋዜጠኞች ተናገረች። ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች ደማቸው ውስጥ እርሳስ ከፍ ያለባቸው ከ2.4 ወደ 4.9 ከመቶ አድገው ነበር። መጀመሪያ አጣጣሏት። ጥቅምት 16 ቀን ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች። በመካከሉ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ያመጣው የሳንባ ምች 12 ሰው ገድሏል። በ2021 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ካሳ 626 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሊያተርፉ ያሰቡትን 5 ሚሊዮን አስታውሺ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ይብቃ። ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ።

ጅማ ውስጥ ከመንገድ እስከ ቤት የሚመጣው ቧንቧ በብዛት ወይ የዚንክ ቅብ የብረት ቧንቧ ነው፣ ወይ ፕላስቲክ። እንደ ቺካጎ መሬቱ ሁሉ እርሳስ የተቀበረበት ከተማ አይደለም። ስለዚህ «ፍሊንት እኛ ጋ ተደገመ» ብለሽ እንቅልፍ አትጪ። ግን እርሳስ በሌላ በር ይገባል፣ እሱን ነው ማየት ያለብሽ።

በአፍሪካ የተደረጉ ጥናቶች በሩን በደንብ አሳይተዋል። ማዳጋስካር፣ ቶአማሲና ከተማ ውስጥ ሰው በየግቢው በእጅ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ አለው። የፓምፑ መዝጊያ ክብደት ከእርሳስ የተሠራ ነበር። ያችን ትንሽ ቁራጭ በብረት ሲተኳት በውሃው ውስጥ ያለው እርሳስ ወረደ። ጋና፣ ማሊና ኒጀር ውስጥ በ261 የውሃ መስመሮች ላይ በተደረገና በ2021 በታተመ ጥናት ደግሞ 9 ከመቶ ገደማ የሚሆኑት ከዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በላይ እርሳስ ተገኘባቸው። እዚያ የእርሳስ ቧንቧ አልነበረም። ዋናው ምንጭ ከናስ የተሠሩ መክፈቻዎች፣ መዝጊያዎችና መገጣጠሚያዎች ነበሩ። ናስ ሲሠራ ለመሞረድና ለመቅረጽ እንዲመች እርሳስ ይጨመርበታል። ርካሹ ላይ ብዙ ይጨመርበታል። አሜሪካኖች እንኳ እስከ 2014 ድረስ 8 ከመቶ እርሳስ ያለበትን ናስ «ከእርሳስ ነፃ» ብለው ነበር የሚሸጡት! አሁን 0.25 ከመቶ ነው።

ስለዚህ ቤትሽን እንዲህ እይው። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሂጂ። ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባውን ቧንቧ በቁልፍ ጫፍ ፋቅ አድርጊው። ፕላስቲክ ከሆነ ተገላገልሽ። ብረት ከሆነ ማግኔት አስጠጊበት፤ የድምፅ ማጉያ ማግኔትም ይሆናል። ከያዘ የተለመደው የብረት ቧንቧ ነው፣ እርሳስ አይደለም። ካልያዘና ፍቀቱ ደማቅ የብር ቀለም ከሆነ፣ ቧንቧውም በቁልፍ በቀላሉ የሚፋቅ ለስላሳ ከሆነ፣ እርሳስ ሊሆን ስለሚችል ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ። ይህን የምልሽ ቤትሽ የቆየ ስለሆነ ነው። ፈረንጅ አራዳ ካሉት ቤቶች ጣሊያን የሠራቸው አሉ፤ በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የእርሳስ ቧንቧ የተለመደ ነበር። ተገኝቷል ማለቴ አይደለም፣ ግን ማየቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

የዚንክ ቅቡም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አይደለም። የድሮው የዚንክ ቅብ በውስጡ እርሳስ ነበረው፣ እስከ 1 ከመቶና ከዚያም በላይ። ቅቡ ተበልቶ ቧንቧው ሲዝግ ያ እርሳስ ዝገቱ ውስጥ ይቀራል። የመዳብ ቧንቧ ያለው ቤት ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያው በምን እንደተበየደ እይ፤ የድሮው ብየዳ ግማሹ እርሳስ ነው። ነጭ ፕላስቲክ ቧንቧም ቢሆን በአንዳንድ አገር ሲመረት የእርሳስ ጨው ይገባበታል፤ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየታጠበ ይቀንሳል።

በመጨረሻ መክፈቻዋን እያት። እኔ ቢሆን በጅማ ቤቶች ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እሷን ነው። ከገበያ በርካሽ የተገዛች፣ ከላይ የብር ቀለም የተቀባች፣ ስትፋቅ ውስጧ ቢጫ የሆነች። ቀለሙ ከላይ ብቻ ነው። ውሃው የሚነካው ውስጡን ነው።

አንድ የጅማ ጉዳይ ላክልበት። ውሃችን ከጊቤ ወንዝ ተስቦ ቦዬ ላይ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። የወንዝ ውሃ በክረምትና በበጋ አንድ ዓይነት አይደለም። ድፍርሱን ለማጥራት የሚጨመረው አሉም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል፣ ስለዚህ የኖራ መጠኑን መከታተል የጣቢያው ሥራ ነው። ውሃው በፈረቃ መምጣቱም የራሱ ችግር አለው። እርሳስ ወደ ውሃ በብዛት የሚገባው ውሃው ሲቆም ነው። ሁለት ቀን መስመር ውስጥ ቆሞ የወረደ ውሃ፣ ሲፈስ ከዋለው ውሃ ጋር እኩል አይደለም። የውሃ አገልግሎቱ ወደፊት የውሃ ምንጩን ወይም የሚጨምረውን ኬሚካል ከቀየረ፣ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ቧንቧውን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው። ዋሽንግተንም ፍሊንትም ያንን ጥያቄ ዘለሉት።

ለልጅሽ ምን ታደርጊያለሽ? ጠዋት ቧንቧውን ስትከፍቺ መጀመሪያ የወረደውን አትጠጪው። መድፋትም የለብሽም፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ያንን የሚመክርሽ ሰው ጅማ ኖሮ አያውቅም። በባልዲ ያዢውና ልብስ ዘፍዝፊበት። እርሳስ በቆዳ በኩል ይህን ያህል አይገባም፤ ልጅሽንም ልታጥቢበት ትችያለሽ፣ እንዳትውጠው ብቻ ጠብቂያት። ባልዲው ሞልቶ ውሃው ቀዝቀዝ ብሎ ሲመጣ፣ ያኔ ለጡጦና ለምግብ የሚሆነውን በንጹሕ ዕቃ ቅጂና ክድን አድርጊው። ለቀኑ ሙሉ ይበቃል። ሮቶ ካላችሁ ከሮቶ እስከ ኩሽና ያለውን ቧንቧም አትርሺ፤ ሮቶው ፕላስቲክ ነው፣ መክፈቻው ግን ናስ ነው። የፍል ውሃ ማሞቂያ ካለሽ ደግሞ ከእሱ የወረደውን ለወተት አትጠቀሚ። ሙቅ ውሃ እርሳስን በደንብ ያሟሟል። ቀዝቃዛውን ቅጂና ምድጃ ላይ አፍዪው። በመክፈቻው ጫፍ ላይ ወንፊት ካለች በየጊዜው ፈትተሽ እጠቢያት፤ ቅንጣቱ እዚያ ነው የሚያዘው።

ለመክፈቻ የሚሆን ገንዘብ ካለሽ ኩሽና ያለችውን አንዷን ብቻ ቀይሪያት። የማይዝግ ብረት ወይም ጥሩ ፕላስቲክ ይሁን። ሁሉንም ለመቀየር መክሰር አያስፈልግም፤ የሚጠጣው ከአንዷ ነው።

የሆነው ሆኖ ቧንቧውን ትተሽ ወደ አዌቱ ወይም ወዳልተጠበቀ ምንጭ እንዳትሄጂ። ይህን አጥብቄ እለምንሻለሁ። እርሳስ ቀስ በቀስ ነው የሚጎዳው፣ ያልተጣራ ውሃ በሳምንት ሕፃን ሊነጥቅ ይችላል። የዝናብ ውሃ የምታጠራቅሚ ከሆነም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የድሮ ቀለም በተቀባ ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ፣ እንደ ግላስጎው ውሃ ማዕድን የሌለው ነው፣ ያገኘውን ይዞ ይወርዳል።

ስለ ልጅሽ ሰውነት ጥቂት ልበል። አዋቂ ከዋጠው እርሳስ አንድ አሥረኛውን ገደማ ነው ወደ ደሙ የሚያስገባው። ሕፃን ግማሹን ያህል ታስገባለች። ሰውነቷ ካልሲየም መስሎት ነው የሚቀበለው፣ አጥንት ውስጥም ያስቀምጠዋል። ጡጦ የምትጠባ ልጅ ደግሞ ምግቧ ሁሉ ውሃ ነው። ለዚህ ነው ጥያቄሽን ቀላል ያላደረግኩት። ብረትና ካልሲየም ያነሰው ሰውነት እርሳስ በብዛት ይስባል፤ ስድስት ወር ሲሞላት ምስሩ፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ከተገኘ ሥጋው፣ ለዚህም ይጠቅማታል። ጡትሽንም ትንሽም ቢሆን አታቋርጪባት።

ውሃ ብቸኛው በር እንዳይመስልሽ። ብዙ ጊዜ ዋናውም እሱ አይደለም። የቤቱ ግድግዳና የመስኮቱ አሮጌ ቀለም ተልጦ የሚረግፍ ከሆነ ልጅሽ መዳህ ስትጀምር እጇን ወደ አፏ ትከታለች፤ እሱ ከውሃው በላይ ሊያሰጋኝ ይችላል። አጠገባችሁ የመኪና ባትሪ የሚጠገንበት ቤት ካለም እንደዚሁ። ከውራጅ ቀልጦ የሚሠራው ድስት ሌላው ነው፤ ካሜሩን ውስጥ ተመርምሮ እርሳስ ወደ ምግብ ሲለቅ ተገኝቷል። ጀበናሽን ግን ተዪው። የሸክላ ዕቃ የእርሳስ ሥጋቱ የሚያብለጨልጨው ቅብ ላይ ነው፤ የእኛ ጀበና ያ የለውም።

አሁን ምርመራው። የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ ለእርሳስ ያስቀመጠው ገደብ 0.01 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ 10 ማይክሮግራም ማለት ነው፣ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር አንድ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል ያሉ ባለሙያዎችን የት እንደሚመረመር ጠይቂያቸው። የናሙና ጠርሙሱን ከላቦራቶሪው ውሰጂ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ አይሆንም። ማታ ከተኛችሁ በኋላ ማንም ቧንቧውን እንዳይነካ፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይቁም። ጠዋት ከኩሽናዋ መክፈቻ፣ ወንፊቷን ሳትፈቺ፣ ምንም ሳታፈሺ፣ በደንብ ከፍተሽ የመጀመሪያውን አንድ ሊትር ቅጂ። እሱ የመክፈቻዋን ነገር ይነግርሻል። ሳትዘጊ አራት ሊትር ያህል በባልዲ ያዢና አምስተኛውን ሊትር በሁለተኛው ጠርሙስ ቅጂ፤ እሱ የቧንቧውን ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሦስተኛውን፤ እሱ ከመንገድ የመጣውን ነው። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዝቅ ካሉ መክፈቻዋን ቀይሪ። ሁለተኛው ከፍ ካለ አከራይሽን አስጠሪ። ሦስቱም ከፍ ካሉ ጉዳዩ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱን ይዘሽ ወደ ውሃ አገልግሎቱ ሂጂ፣ የልጅሽንም ደም አስመርምሪ። ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ እርሳስ በደም ምርመራ እንጂ በምልክት አይታወቅም።

ላቦራቶሪው ናሙናውን ሲቀበልሽ መሣሪያቸው እስከ ስንት ድረስ ዝቅ ብሎ እንደሚያይ ጠይቂ። በነበልባል የሚሠራው የተለመደው መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በግራፋይት ምድጃ የሚሠራው ወይም አይሲፒ የሚባለው ነው የሚያስፈልገው። ውጤቱ «ከ0.1 ሚሊግራም በታች» ተብሎ ከመጣልሽ ደስ ብሎሽ እንዳትመለሺ። 0.1 ማለት የገደቡ አሥር እጥፍ ነው። ከዚያ በታች ያለውን መሣሪያው ማየት አልቻለም ማለት ነውና ናሙናው ሌላ ቦታ እንዲላክልሽ ጠይቂ።